እጀታ ብቻውን አይናገርም

ውድ ወላጆቻችን፣ ክቡራን ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን፦

እኛ የቅርስ ትምህርት የምንማር ልጆቻችሁ ነን። የተወለድነው እዚህ እስራኤል ነው፤ የምንማረውም በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ አማርኛችን ቢሰባበር ይቅር በሉን።

ዘንድሮ በክፍላችን ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ የአጎቱ ልጅ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መግዛቱን ነገረን። መሣሪያው እንደ ዱላ ረጅም ነው፤ ከታች ክብ ነገር አለው፤ መሬት ውስጥ ብረት ወይም ወርቅ ሲያገኝ ይጮኻል። የአጎቱ ልጅ «ወደ ጥንት ፍርስራሽ ሄደን እንፈልግ፣ ያገኘነውን እንሸጣለን» ብሎታል። ግማሾቻችን «ያገኘ ይውሰድ» አልን። ግማሾቻችን «አይገባም» አልን። መምህራችን አልፈረደችም። «መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ፍረዱ» አለችን። አነበብን። የደረስንበትን ለእናንተ የምንጽፈው፣ ነገሩ መጨረሻ ላይ ወደ ቤታችን ስለመጣ ነው።

መጀመሪያ ያነበብነው ስለ እንግሊዝ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ቴሪ ኸርበርት የሚባል ሰው በስታፎርድሺር፣ ከሊችፊልድ ከተማ አጠገብ፣ በታረሰ ማሳ ላይ በአሮጌ መሣሪያው ሲዞር ወርቅ አገኘ። ለአምስት ቀን ለቀመ። ነገር ግን ደብቆ አልሸጠም፤ በአካባቢው ላለው የቅርስ ኃላፊ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ አጥኚዎች መጥተው ማሳውን በሥርዓት ቆፈሩት። በ2012 ማሳው እንደገና ሲታረስ ተጨማሪ ቁርጥራጭ ተገኘ። ሁሉም ሲደመር ወደ 4600 የሚጠጋ ቁርጥራጭ ሆነ፤ 4 ኪሎ ያህል ወርቅና 1 ኪሎ ከ700 ግራም ያህል ብር። ከተቀበረ ወደ 1350 ዓመት ይሆነዋል።

ይህ ሁሉ ወርቅ ምን ነበር? ዘውድ ወይም የአንገት ሐብል እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የሰይፍ እጀታ ጌጥ ነው፦ በእጀታው ጫፍ የሚቀመጥ ጉልላት፣ እጀታውን የሚያስር ቀለበት፣ ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት ላይ የሚገባ ጠፍጣፋ ወርቅ። ጉልላቱ ብቻ ከ70 በላይ ነው። ከዚህ ሌላ የአንድ ትልቅ የጦር ቢላዋ እጀታ ጌጥ አለ፤ በወርቅ ውስጥ ቀይ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ስለት ግን አንድም አልተገኘም። እጀታው ሁሉ ያለ ስለት ነው።

እኛ መጀመሪያ «ያለ ስለት እጀታ ምን ይጠቅማል?» ብለን ሳቅን። በኋላ ግን እጀታው የተናገረውን ስናነብ ዝም አልን። ብዙዎቹ ላይ የመፈልቀቂያ ጭረት አለ፤ ተጣመዋል፤ ስለዚህ ከሰይፉ ላይ በጉልበት እንደተነቀሉ ታወቀ። ከቀይ ድንጋዮቹ ትልልቆቹ ከሕንድ አካባቢ፣ ትንንሾቹ ከመካከለኛው አውሮፓ እንደመጡ ታወቀ፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ንግድ እስከዚያ ድረስ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከቀይ ድንጋዮቹ ሥር ቀጥቃጩ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ጥቃቅን መስመር የተቀረጸበት ወርቅ አንጥፎበታል፤ ብርሃን ሲገባ ድንጋዩ እንደ ፍም እንዲበራ ነው። ወርቁም ላይ ላዩ ይበልጥ ንጹሕ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ ብልሃት ያውቁ ነበር። ይህን ሁሉ የሠሩት ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ማጉያ መነጽር ነው። ጭቃውን ያጸዱት የዛሬ ባለሙያዎችም ወርቁን እንዳይጭሩት ብለው የተጠቀሙት በእሾህ ነው። የእናቶቻችን ብልሃት ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን አንድ የታጠፈ ሰሌዳ ነው። በላቲን ቋንቋ ጽሑፍ አለበት። ጽሑፉ ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 የተወሰደ፣ ታቦቱ ሲነሣ ሙሴ ጠላቶች እንዲበተኑ የለመነው ልመና ነው። በምኩራብ የኦሪት መጽሐፍ ሊነበብ ሲወጣ የሚባለው ያው ቃል! ቀራጩ ፊደል ተሳስቷል። እኛም በአማርኛ ስንጽፍ እንሳሳታለን፤ ለእርሱ ይቅር ከተባለለት ለእኛም ይባልልን።

አንድ ነገር ግን እዚያ የለም። የመርሲያ ንጉሥ የነበረው ፔንዳ በዚያ ዘመን ገደማ የኖረ ነው፤ ስሙ በመጽሐፍ ተጽፏል። ያንን እጀታ የሠራው ቀጥቃጭ ግን ስም የለውም። ሰው ሁሉ በሙዚየም ቆሞ የእጁን ሥራ ያደንቃል፤ «ማን ነው የሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለም።

ቀጥለን ሌላ ታሪክ አነበብን። በ2015 በዚያው በእንግሊዝ፣ በሌምስተር ከተማ አጠገብ፣ ሁለት ሰዎች በመሣሪያ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አገኙ። አላስታወቁም። ሸጡት፣ ከፋፈሉት። 300 ያህል ሳንቲም እንደነበረ ይገመታል፤ አብዛኛው አልተመለሰም። በ2019 ተፈርዶባቸው ታሰሩ። እስራቱ ግን የጠፋውን አይመልስም። የመጀመሪያው ሰውና እነዚህ ሁለቱ የያዙት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ አንዱ «እዚህ ቦታ አገኘሁ» ብሎ መናገሩ፣ ሌሎቹ ዝም ማለታቸው ነው።

በዚህ አገርም ሕግ አለ። በ1978 በወጣው የጥንት ቅርሶች ሕግ መሠረት ከ1700 በፊት የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ ጥንታዊ ቅርስ ነው፤ ሲገኝ የመንግሥት ነው። ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ጥንታዊ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው።

በክፍላችን ይህን ያልወደዱ ነበሩ። «በእንግሊዝ አገር ያገኘው ሰውና የማሳው ባለቤት 3 ሚሊዮን 285 ሺህ ፓውንድ ተካፈሉ። እዚህ ግን እንዲህ ያለ ድርሻ የለም። ሕጉ ለድሃ አያዝንም» አሉ። ክርክራቸው እውነት አለበት። ስታፎርድሺር ላይ ያ ሰው ባይፈልግ ኖሮ ወርቁን ማረሻ እየበታተነ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ መሣሪያው በራሱ ክፉ ነው አንልም። ነገር ግን በእኛ አገር ኮረብታው ሁሉ ከተማ በከተማ ላይ የተደራረበበት ነው። አንዲት ጉድጓድ የምትቆፍር እጅ የሦስትና የአራት ዘመን አፈር ታደባልቃለች። ከዚያ በኋላ የወጣው ነገር የማን ዘመን እንደሆነ ማን ይለያል?

በመስከረም 2023 የተነገረውን አስታውሱ። በዓይን ገዲ አጠገብ በአንድ ዋሻ ውስጥ አራት የሮማውያን ሰይፎች ተገኙ፤ ሦስቱ ከእንጨት አፎታቸው ጋር ናቸው። አጥኚዎቹ ከነቦታቸው መዝግበው ዋሻውን በጥንቃቄ ቆፈሩ። በዋሻው መግቢያ የባር ኮክባ ዘመን የነሐስ ሳንቲም አገኙ። በዚህም ሰይፎቹን በአመፁ ጊዜ አይሁድ ከሮማውያን ወስደው ደብቀዋቸው ሊሆን ይችላል ተባለ። አንድ ሰው ሰይፎቹን ብቻ ሰርቆ በገበያ ቢሸጣቸው ኖሮ ዛሬ አራት አሮጌ ሰይፎች ናቸው፤ ሌላ ምንም አይደሉም።

ስለዚህ አብዛኞቻችን በአንድ ሐሳብ ተስማማን። ዕቃ የሚከብረው በወርቁ ብቻ አይደለም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው ሲታወቅ ነው። ዕቃውን አውጥቶ ቦታውን የሚደብቅ ሰው ግማሹን ሰብሮታል። የአጎቱ ልጅም ይህን ሰምቶ ወደ ፍርስራሹ መሄዱን ትቷል።

ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር። ከዚያ ግን አንዲት ልጅ ከቤቷ አንድ ነገር አመጣች።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቤት ሲጸዳ እናቷ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የቢላዋ እጀታ አወጣች። ስለት የለውም። ከበሬ ቀንድ የተሠራ ነው፤ በአንገቱ ላይ የናስ ቀለበት አለው። እናቷ ወደ ቆሻሻ ልትጥለው ስትል ልጅቱ ያዘችው። አያቷን «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ምንም አይደለም ልጄ፣ አሮጌ ነገር ነው፣ ጣሉት» አሏት። በማግስቱ ደግማ ጠየቀቻቸው። በሦስተኛው ቀን ነገሯት። እጀታውን የሠሩት የእርሳቸው አባት ናቸው፤ በደምቢያ። ቀለበቱ ከጥይት ቀለሀ ነው። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ተቀምጦ ጉዞ ሲጠብቅ ስለቱ ተሰበረ። እጀታውን ግን በጋቢ ጠቅልለው በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ይዘውት መጡ። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከንም፣ አባባ?» ስትላቸው እንዲህ አሏት፦ «ቀን ማረሻ ሊያሠሩ ይመጡ ነበር፤ ማታ ቡዳ ይሉናል። ይህን ለልጅ ምን ብዬ ልንገር?»

ያን ቀን በክፍላችን ማንም አልሳቀም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ አሁን የምንለውን በድፍረት አትቁጠሩብን። እኛ ሌሎችን ስንወቅስ ነበር፦ ዕቃውን ወስደው ቦታውን ስለደበቁ። በየቤታችንም ዕቃው አለ፤ ታሪኩ ግን ተደብቋል። የተደበቀው ለገንዘብ ሳይሆን ከውርደት እኛን ለመጠበቅ እንደሆነ አሁን ገብቶናል። የሚመጣው ጉዳት ግን አንድ ነው።

የእንግሊዝ ቀጥቃጭ ስሙ ጠፍቷል፤ ከ1350 ዓመት በኋላ ማንም ሊያገኘው አይችልም። የእኛ ቅድመ አያቶች ግን ስማቸው አልጠፋም። እናንተ ታውቁታላችሁ። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ርስት ሲነፈጉ በእጃቸው ሥራ ኖሩ፤ ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ገበሬው ያረሰው በእነርሱ ማረሻ፣ ያጨደው በእነርሱ ማጭድ ነው። «ጣይብ» እያሉ የሰደቧቸው ሰዎች ያለ እነርሱ እንጀራ አይበሉም ነበር። ታዲያ ማፈር የነበረበት ማን ነው? ሰዳቢው እንጂ ሠሪው አይደለም ብለን እናምናለን።

አስተውሉ፤ ሕጉ የሚጠብቀው ከ1700 በፊት የተሠራውን ነው። ለዚያ የቀንድ እጀታ ሕግ የለውም። ቢጣል ማንም አይከሰስም። ጠባቂው እናንተ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ አሮጌ ቢላዋ፣ መዶሻ፣ ጉጠት ወይም ስለት የሌለው እጀታ በቤታችሁ ካለ፣ ሳትጠይቁን አትጣሉ።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው መንደር፣ ለምን ሥራ እንደነበረ ንገሩን። «ወናፍ» እና «መስፍ» የሚሉትን ቃላት ዘንድሮ ነው የሰማናቸው። ወናፉ እንዴት እንደሚነፋ በእጃችሁ አሳዩን።

ሦስተኛ፣ ክፉውንም ንገሩን። ስድቡንም፣ ፍርሃቱንም። አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው፤ መሸከም እንችላለን። እዚህም በቆዳችን ምክንያት የሚነገረንን እንሰማለን፤ እናንተ እንዴት እንደቻላችሁት ብናውቅ ይጠቅመናል።

እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። በፈቀዳችሁት ቀን እንመጣለን፤ ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ እናስቀምጣለን፤ የማይገባን ቃል ሲመጣ አንስቅም፣ እንጠይቃለን። የነገራችሁንን በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈን ከዕቃው ጋር በአንድ ወረቀት እናስራለን፦ የሠሪው ስም፣ መንደሩ፣ ሥራው። የመጀመሪያውን ወረቀት ጽፈን ለዚያ የቀንድ እጀታ አስረንለታል። አያቷ አይተው ምንም አልተናገሩም። ነገር ግን እጀታውን ከልጅቱ ተቀብለው በሸሚዛቸው ጠርገው መለሱላት።

እጀታ ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል።

አክባሪ ልጆቻችሁ፣
የቅርስ ክፍል ተማሪዎች