ጠንቋይ ያለበት መጽሐፍና የሃይስኩል ልጆቻችን

እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ የሐበሻ አማኝ ቤተሰቦች አሉ። ሂሳቡና ሳይንሱ ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ መጽሐፉ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ መልሱም ከኋላው አለ። ጭንቀቱ የሚጀምረው ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ሥነ ጽሑፍ መማር ሲገባው ነው። ያኔ ወላጆች እየደወሉ፣ “ፓስተር፣ ይህ መጽሐፍ ጠንቋይ አለበት፤ እናስነብበው ወይስ ይቅርብን?” ይሉናል። የእኛ መልስ፣ አስነብቡት፣ ግን አብራችሁ አንብቡ የሚል ነው።

ፍርሃቱን አንንቅም። ብዙዎቻችን ወደ ጌታ የመጣነው ቃልቻ ከሚፈራበት፣ ለአድባርና ለውቃቢ ቡና ከሚፈላበት ሰፈር ነው። ለኦክስፎርድ ሰው አስማተኛ የተረት ሰው ነው፤ ለእኛ ግን ቤቱን የምናውቀው፣ ጎረቤታችን ዶሮ ይዞ የሚሄድበት ሰው ነበር። ስለዚህ የዘዳግም 18 ማስጠንቀቂያ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ቃል ያታልላል። ጋንዳልፍን በአማርኛ ለመጥራት ስንፈልግ “ጠንቋይ” ከሚለው ሌላ የረባ ቃል አናገኝም። በቶልኪን ዓለም ግን ጋንዳልፍ ድግምት ተምሮ መናፍስት የሚጠራ ሰው አይደለም፤ በሽማግሌ አካል የተላከ፣ ሰዎችን እንዲመክርና እንዲያበረታ እንጂ በኃይል እንዲገዛቸው ያልተፈቀደለት መንፈሳዊ ፍጡር ነው። በሲ. ኤስ. ሉዊስ ናርኒያ ውስጥ ደግሞ ነጯ ጠንቋይ ምድሩን በክረምት ያሰረች ጠላት ናት። “የአስማተኛው የወንድም ልጅ” በሚለው መጽሐፍ አስማት የሚወደው አጎት ራስ ወዳድና ፈሪ ሆኖ ይሳቅበታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ቃሉ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ መጽሐፉ ምንን እንድንወድ፣ ምንን እንድንጠላ ያደርገናል የሚለውን ነው። በዚህ መለኪያ የሚወድቁ መጻሕፍት አሉ፤ ከመናፍስት ጋር መነጋገርን እንደ ጨዋታ የሚያቀርቡትን እኛም አናስነብብም። የአማኝ ያልሆነ ሰው መጽሐፍ ሁሉ ግን ይወድቃል ማለታችን አይደለም። ዳንኤልም የባቢሎንን ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል (ዳን. 1)፤ ጸሎቱን ግን አልተወም።

ለሃይስኩል ልጅ ከሁሉ በላይ የምንመርጠው “የቀለበቶቹ ጌታ” የተባለውን ነው። ከ1954 እስከ 1955 በሦስት ቅጽ የታተመ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍልን ሙሉ ዓመት ቢወስድ አያስቆጭም። ታሪኩን የምታውቁት መጨረሻውን አስቡት። ፍሮዶ ክፉውን ቀለበት ተሸክሞ ያን ሁሉ መከራ አልፎ እሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ አልጥልም ይላል። ቀለበቱ የእኔ ነው ይላል! ጀግናው በመጨረሻዋ ሰዓት ወደቀ። ምድሪቱ የዳነችው ቀደም ሲል ቢልቦ፣ በኋላም ራሱ ፍሮዶ ሊገድሉት ሲችሉ ራርተው በተዉት በዚያ በምስኪኑ በጎለም በኩል ነው፤ ቀለበቱን ከፍሮዶ ነጥቆ አብሮት ገደል ገባ።

ይህን ያነበበ ልጅ “ታዲያ ፍሮዶ ተሸነፈ ማለት ነው?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አዎ፣ ተሸነፈ። በጉባኤያችን የድል ምስክርነት ብቻ እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጸጋ ምን እንደሆነ በስብከት ሺህ ጊዜ ሰምቶ ይሆናል፤ እዚህ ግን የሰው ጉልበት አልቆ ሲያይ ይደነግጣል። ከዚያም ፍሮዶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ ሲደሰት የእሱ ቁስል አይድንም። ቶልኪን በ1916 በሶም ጦርነት የነበረ ወታደር ስለሆነ እንዲህ ሆነው የተመለሱትን ያውቃል። በእኛ ቤትም ከቀይ ሽብር፣ ከግንባር፣ ከበረሃ ስደት ተርፈው ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል የማይተነፍሱ አባቶች አሉ። የአባቱን ዝምታ እንደ ቁጣ ሲቆጥረው የኖረ ልጅ በዚህ መጽሐፍ ቢያስተውለው፣ ለእኛ ከየትኛውም የፈተና ውጤት ይበልጥብናል።

አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን፤ የሥነ ጽሑፉን ሰዓት የሰንበት ትምህርት አታድርጉት። በየገጹ “ይሄ ማንን ይመስላል?” እያልን ከጠየቅን ልጁ መልስ መገመት እንጂ ማንበብ አይማርም፤ ምንም ሳያነብ “ኢየሱስን” ብሎ ይገላገላል! ቶልኪን ራሱ ታሪኩን እንደ ምሳሌያዊ ፍቺ የሚወስዱትን አልወደደም። በ1678 የወጣው የጆን በንያን የክርስቲያኑ መንገደኛ ታሪክ ግን በእርግጥም ምሳሌያዊ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስነብቡና ልዩነቱን ልጁ ራሱ ይጻፈው። ናታንም ለዳዊት የድሃውን በግ ታሪክ ሲነግረው ፍቺውን አላስቀደመም፤ ዳዊት እስኪቆጣ ጠበቀ (2ሳሙ. 12)።

ጽሑፎቹን ቀን እየጻፋችሁ በፋይል አስቀምጡ። በሜሪላንድ የልጁን ሥራ የሚገመግም አለ፤ በቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ቴክሳስ ይህን አይጠይቅም።

“እንግሊዝኛችን አይበቃም” የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ልጁ ያነበበውን ምዕራፍ ማታ እራት ላይ በአማርኛ ይንገራችሁ። ቃል ፍለጋ ይንተባተብ፣ ግድ የለም። “ከዚያስ?” “ለምን እንዲህ አደረገ?” እያለች የምትጠይቅ እናት ጥሩ የሥነ ጽሑፍ መምህር ናት፤ አማርኛውም በዚያው ይተርፋል።

መጀመሪያ በ1937 የወጣውን “ሆቢት” ያዙ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ቢልቦና ጎለም በጨለማ ዋሻ ውስጥ እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ያን ማታ እናንተም “እንቆቅልሽ! ምን አውቅልህ!” በሉ፤ ያላወቀ አገር ይስጥ። ከዚያ ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ተመለሱ፤ ቢልቦ ሰይፉን ይዞ ጎለምን ሊገድለው ሲችል ለምን እንደራራለት ልጁን ጠይቁትና መልሱን በአንድ ገጽ ይጻፍላችሁ።