ልጅ በጨዋታው ይናገራል



ልጅ ሆዱን ሲያመው ሆዱን ይዞ ያለቅሳል። እናቱም አይታ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ልቡ ሲጨነቅስ? «ጨነቀኝ» የሚልበት ቃል የለውም። ዝም ይላል። ይቆጣል። በእንቅልፉ ይባንናል። ካደገ በኋላም መኝታው ላይ ይሸናል። ብዙ ሰው «ጥጋብ ነው» ብሎ ይመታዋል።

የልጅን ጭንቀት የሚመረምር ሙያ አለ። የሕፃናት ሥነ ልቡና ሕክምና ይባላል። ከጀማሪዎቹ አንዷ ዶክተር ማርጋሬት ሎወንፌልድ ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተሯ በ1890 በእንግሊዝ አገር፣ በሎንዶን ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው በሽታ ይደጋግማቸው ነበር። እናትና አባታቸውም ተፋቱ። የልጅን ሐዘን ቀምሰው ያውቁታል ማለት ነው። በ1918 ሐኪም ሆኑ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ወደ ፖላንድ ሄዱ። እዚያ ተስቦና ረሃብ ሕዝቡን ያሠቃይ ነበር። አንዳንዱ ልጅ ያን ሁሉ መከራ ችሎ ይጠነክራል። ሌላው ግን ይሰበራል። ለምን? ይህ ጥያቄ ከልባቸው አልወጣም።

በ1928 በሎንዶን ለተጨነቁና ለሚያስቸግሩ ልጆች የሕክምና ቤት ከፈቱ። ሕክምናው መርፌ አይደለም። በዝርግ ሣጥን አሸዋ ይቀርባል። ውሃም አለ። ትንንሽ የሰው፣ የከብት፣ የቤትና የዛፍ መጫወቻዎችም አሉ። ልጁ የፈለገውን ይሠራል። ዶክተሯ «እንዲህ አድርግ» አይሉትም። አይነቅፉትም። ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ስለ ሠራው ይጠይቁታል። ልጆቹ ይህን ሥራቸውን «ዓለም» ብለው ጠሩት። በአፋቸው ያልተናገሩትን በእጃቸው ተናገሩ።

ዶክተሯ ሌሎችንም በዚህ ሙያ አሠለጠኑ። በ1973 አረፉ። በአሸዋው ሣጥን ግን ዛሬም በብዙ አገር ይሠሩበታል።

የእኛም ልጆች ወንዝ ዳር ከጭቃ በሬ ይሠራሉ። ከጠጠር በረት ያጥራሉ። እቃ እቃ ይጫወታሉ። ይህን ሥራ ፈትነት አንበለው። አባቱ የሞተበት ልጅ የጭቃ ሰው ሠርቶ ደጋግሞ ሊቀብር ይችላል። «ሟርተኛ!» ብለን አንምታው። አጠገቡ ቁጭ እንበል። «ይሄ ማነው?» ብለን በቀስታ እንጠይቀው። ሲመልስም ታግሠን እንስማው። እህል እምቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ዝምታውም ከሰነበተ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ዱላ ልጅን ዝም ያሰኘዋል። ጭንቀቱን ግን አያወጣለትም።