ሁለት ሦስተኛ የማን?

ሰሞኑን የእድር ደንብ ላይ ክርክር ሰምቼ ነው ይቺን የምጽፈው። አንዱ «50+1 ይበቃል» ሲል ሌላው «ትልቅ ጉዳይ በሁለት ሦስተኛ ይወሰን» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ግን የማን ሁለት ሦስተኛ?

90 አባል ያለው እድር እንበል። ቦታውን ለመሸጥ ስብሰባ ተጠራ፤ ዝናብ ነው (ቦንጋን ታውቋታላችሁ)፣ 50 ሰው ብቻ መጣ። ከተገኙት ሁለት ሦስተኛው 34 ሰው ነው። በቃ፣ 34 ሰው የ90ውን ቦታ ሸጠ! «ከጠቅላላው አባል» ቢባል ግን 60 ድምፅ ያስፈልጋል፤ 50ዎቹ ሁሉ እጃቸውን ቢያወጡም አያልፍም።

ፓርላማም ስሌቱ ያው ነው። 547ቱ መቀመጫ ከተሞላ ምልዓተ ጉባኤው 274 ነው፤ ከነሱ 138ቱ ከደገፉ ተራ ሕግ ይጸድቃል። ይሁን፣ ሕግ ነገ ይሻሻላል። የተሸጠ ቦታ ግን ማን ይመልሰዋል?

ለሁሉም ነገር ሁለት ሦስተኛ ይሁን አላልኩም። መዋጮ ላይ 10 ብር ለመጨመር እንዲህ ከተባለ ጥቂቱ ብዙውን አስሮ ያስቀምጠዋል።

የራሳችንን ሕዝበ ውሳኔ አስታውሱ። አንቀጽ 47 ለአዲስ ክልል ምሥረታ ከምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ፣ ከሕዝቡ ግን አብላጫ ድምፅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። መስከረም 20 ቀን 2014 ውጤቱ በሰፊ ልዩነት ስላለቀ ስለ ደንቡ ያነሳ ብዙም አልነበረም። 51 ለ49 ቢሆን ኖሮስ? ደንብ የሚጠየቀው ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ነው።

እስቲ የእድራችሁን ደንብ ግለጡት። «ከተገኙት» ይላል ወይስ «ከጠቅላላ አባላት»? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።