ለሽንኩርት ማሳ የሚመጥን ፖርት
በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ልጆች ለመቂና ለባቱ አትክልት አምራቾች የመስኖ መቆጣጠሪያ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የቺፑን ኮር እዩ። በቺፑ ላይ ሥራዎችን የሚያፈራርቀው አነስተኛ ስርዓተ ክወና፣ ፍሪአርቶስ፣ ከ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ ከኮሩ ጋር የሚያስማማው ኮድ፣ ማለትም ፖርቱ፣ ግን ለኮሩ የተጻፈ መሆን አለበት። ለኮርቴክስ ኤም3 የተዘጋጀው ፖርት የኤም4ኤፍን የአስርዮሽ ስሌት ሬጅስተሮች አያስቀምጥም፤ ሥራዎች ሲፈራረቁ የአፈሩ እርጥበት ንባብ ማንም ሳያውቅ ሊዛባ፣ ፓምፑም በተሳሳተ ቁጥር ሊነሳ ይችላል። የገበሬው ሽንኩርት መሞከሪያ መሆን የለበትም! ስለዚህ ከቪዲዮ ሥር የተቀዳ ፖርት ይቅርባችሁ፤ ከዋናው ኮድ ጋር አብሮ የሚታደሰውን ውሰዱ። ቺፑ ኢኤስፒ32 ከሆነ የቺፑ አምራች ለሁለቱ ኮሮች ያስተካከለውን ተጠቀሙ። በእጃችሁ ያለው አርዱይኖ ኡኖ አር3 ብቻ ከሆነ ግን ራሙ 2 ኪሎባይት ነውና ፍሪአርቶስን ተዉት፤ ለአንድ ፓምፕና ለሁለት ሴንሰር ተራ ሉፕ ይበቃል።