«መቶ በመቶ» የተባለው ሰላም

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዲስ አበባ ነዋሪም መሣሪያውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ፣ ተደራጅቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ተነገረው። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሬድዋን ሁሴን እና ጌታቸው ረዳ ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ፈርመው ተጨባበጡ። ጦርነቱ መቆም ነበረበት። ዛሬ ስምምነቱን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው ያኔ ስንት ወጣት ይረግፍ እንደነበር ረስቷል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሰፈሩን እንዲጠብቅ የተጠራው ሕዝብ ሰላሙን እንዲቀበል ማን አስረዳው?

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ጥሩ ማሳያ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ለቡ፣ ጎፋ፣ መካኒሳ፤ የትግራዩም የአማራውም የኦሮሞውም የጉራጌውም ልጅ በአንድ ደረጃ የሚወጣበትና የሚወርድበት፣ በአንድ ዕድር ሐዘን የሚቀመጥበት ክፍለ ከተማ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር የጦርነት ቃል ግንባር ላይ አይቀርም፤ ጎረቤት ደጃፍ ይደርሳል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2013 ህወሓትን «ነቀርሳ»፣ «አረም» ብለውታል። መንግሥት ነገሩ ድርጅቱን እንጂ ሕዝቡን አይመለከትም ይል ነበር። በአዋጁ ሰሞን ግን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በአዲስ አበባ የሚካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ ይመስላል ብሎ ስጋቱን ገለጸ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሰማና ያየ ሰው በዓመቱ እርቅ ወርዷል ሲባል ምን ተሰጥቶ ምን እንደተገኘ መስማት ነበረበት። የሰማው ግን ከፊርማው ማግስት ከአርባ ምንጭ የመጣውን ነው፦ የኢትዮጵያ ሐሳብ መቶ በመቶ ተቀባይነት አግኝቷል።

መቶ በመቶ! መርካቶ እንኳ ሻጭም ገዥም መቶ በመቶ አግኝተው የሚለያዩበት ድርድር የለም።

ሰነዱን ያነበበ ሌላ ነገር ያያል። የህወሓት ታጣቂዎች ቀላል መሣሪያቸውን ጨምሮ በ30 ቀን ውስጥ ትጥቅ ይፈታሉ ይላል። ከ10 ቀን በኋላ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላ እና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናይሮቢ ላይ የፈረሙት ደግሞ የከባድ መሣሪያ ርክክቡን የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ውጭ ያሉ ታጣቂዎች ከክልሉ ከመውጣታቸው ጋር አያያዘው። ትልቅ ለውጥ ነው። መቀሌ ላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ተሃድሶ ማስገባት የተጀመረው በኅዳር 2017 ነው። 30 ቀኑ 2 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው የወልቃይት ነገር ነው። አንቀጽ 10 አወዛጋቢ አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታሉ ይላል። መቀሌ ይህን «መሬታችን ይመለሳል» ብላ አነበበችው። ጎንደርና ባሕር ዳር ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት በኃይል የተወሰደው መሬት እንዴት በዚያው ሕገ መንግሥት ይዳኛል ብለው ጠየቁ። መንግሥት አንዱን አላረመም፣ ለሌላውም በቂ መልስ አልሰጠም። ሁሉም እንዳሻው እንዲረዳው መተው ማሳመን አይደለም፤ ዕዳን ለነገ ማሻገር ነው። ዕዳውም ሳይውል ሳያድር መጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፈርሳሉ ሲባል አማራ ክልል በተቃውሞ ተናወጠ፤ ሐምሌ 28 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለዚህ ጦርነት ብዙ ምክንያት አለው፤ «ከጀርባችን ተስማሙብን» የሚለው ጥርጣሬ ግን አንዱ ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የኢትዮ-ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ ሲወጣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስዩም መስፍን ኢትዮጵያ የጠየቀችውን ሁሉ አገኘች ብለው አበሠሩ። ባድመ ለኤርትራ መወሰኗ ሲታወቅ መንግሥት የገዛ ብሥራቱ እስረኛ ሆነ። ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ እስኪል ግንቦት 2010 ደረሰ፤ 16 ዓመት!

«እውነቱን በአደባባይ መዘርዘር ስምምነቱን ያፈርሰው ነበር» የሚሉ አሉ። የኮሎምቢያው ሁዋን ማኑኤል ሳንቶስ ፋርክን በመከላከያ ሚኒስትርነት የወጉ ሰው ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የሰላም ስምምነቱን ለሕዝበ ውሳኔ አቅርበው በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። የተቃዋሚዎቻቸውን ቅሬታ ሰምተው ሰነዱን አሻሻሉ፤ በምክር ቤትም አጸደቁት። ስምምነቱ አልፈረሰም።

ለጀሞው ነዋሪ ሕዝበ ውሳኔው ይቅርበት። በ2014 ለጥበቃ የጠራው መንግሥት ግን ጥቂት ነገር ሊነግረው ይገባል፦ ሽሬና መቀሌ መጠለያ ያለው ተፈናቃይ መቼ ቤቱ እንደሚገባ፣ ወልቃይት ላይ ማን በየትኛው ሕግ እንደሚወስን፣ በአዋጁ ጊዜ ያለ ክስ ታስሮ የተለቀቀውን የበላይ ፎቅ ጎረቤቱን ማን ይቅርታ እንደሚጠይቅ።