ሄፓታይተስ ሲ፦ ከቫይረሱ ዝርያ በፊት የጉበቱ ጉዳት ይታወቅ

አንድ የአዳማ ወይም የሻሸመኔ ነዋሪ ደም ሲለግስ፣ አለዚያም ለሌላ ሕመም ሲመረመር፣ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘብህ ተባለ እንበል። ኪሱም የጤና ተቋሙም በጀት ውስን ነውና የትኛው ምርመራ ይቅደም የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ቫይረሱ ጂኖታይፕ የሚባሉ ስምንት ዋና ዋና ዝርያዎች አሉት፤ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች በብዛት ያገኙት አራተኛውን ነው። ዝርያን መለየት ለምርምር ትልቅ ዋጋ አለው። ለታካሚው ግን ሁለት ነገሮች ይቀድማሉ፤ ቫይረሱ አሁንም በደሙ ውስጥ መኖሩና ጉበቱ ምን ያህል እንደ ተጎዳ። ስለዚህ የዝርያ ምርመራ የመድኃኒት በር ጠባቂ መሆን የለበትም እላለሁ።

ቀድሞ ነገሩ ሌላ ነበር። ሕክምናው በኢንተርፌሮን መርፌ በነበረበት ዘመን ዝርያ አንድና አራት የያዘው ሰው 48 ሳምንት ሲወጋ፣ ዝርያ ሁለትና ሦስት የያዘው በ24 ሳምንት ይጨርስ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉንም ዝርያዎች የሚያክሙ እንክብሎችን መከረ፤ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር አብረው የሚሰጡት በዚህ መሠረት ነው። አሁን የሕክምናውን ርዝመት የሚወስነው በዋናነት የጉበቱ ሁኔታ ነው፤ ጉበቱ ያልጠጠረ 12 ሳምንት ይወስዳል፣ የጠጠረ ግን እስከ 24 ሳምንት ሊያስፈልገው ይችላል። ፈጣኑ ምርመራ የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካልን ብቻ መሆኑም አይዘንጋ። ከተያዙት መካከል ሲሶ ያህሉ ቫይረሱን በራሳቸው ያስወግዳሉ፤ ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የአርኤንኤ ምርመራ ሳይደረግ ሕክምና አይጀመርም።

ዝርያው ከደም ምርመራ ውጤቶች ጋር ግንኙነት አለው የሚል ክርክር ይነሣል። እውነትነት አለው፤ ዝርያ ሦስት በጉበት ውስጥ ስብ ያከማቻል፣ ጠባሳውንም ያፋጥናል። ነገር ግን ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም በአልኮልም፣ በሄፓታይተስ ቢም፣ በመድኃኒትም ይጨምራል፤ በብዙ የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ደግሞ ጤናማ መስሎ ይታያል። ከአንድ ሰው የኤኤልቲ ቁጥር ተነሥቶ ዝርያውን መገመት፣ ወይም ከዝርያው ተነሥቶ የጉበቱን ጉዳት መገመት አይቻልም። ጉዳቱን በተሻለ የሚጠቁሙት አንድ ላይ የሚታዩ ርካሽ የደም ምርመራ ቁጥሮች ናቸው። ጉበት ሲጠጥር የደም ዝውውሩ ይታጎላል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ፕላትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ሕዋሳትም ይይዛል፤ በደም ውስጥ ቁጥራቸው የሚቀንሰው በዚህ ነው። ፊብ-4 የሚባለው ስሌት ዕድሜን፣ ኤኤስቲ የሚባለውን ሌላ ኢንዛይም፣ ኤኤልቲንና ፕላትሌትን ያጣምራል። ውጤቱ ከ1.45 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ3.25 በላይ ከሆነ ያሠጋል።

በስምጥ ሸለቆ ይህ ስሌት ሊያሳስት አይችልም ወይ? ይችላል። ወባ ፕላትሌትን ይቀንሳል፤ በወንጂና በባቱ አካባቢ የሚታወቀው የአንጀት ቢልሃርዚያም ጣፊያን ያሳብጣል። መፍትሔው ግን ስሌቱን መጣል አይደለም። ወባው ታክሞ ቆጠራው ይደገማል፣ ቢልሃርዚያ ይመረመራል፣ አጠራጣሪ ሲሆን አልትራሳውንድ ይጨመራል። ዝርያን መለየት ለዚህ ችግር ምንም መልስ የለውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሩዋንዳ ይመጣል። እዚያ 300 ሕሙማን ሌዲፓስቪርና ሶፎስቡቪር ተሰጥቷቸው 87 በመቶው ሲድኑ፣ 4አር የተባለው ንዑስ ዝርያ ከያዛቸው መካከል የዳኑት 56 በመቶው ብቻ ናቸው። ይህ ንዑስ ዝርያ በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ግን የሚጠይቀው እያንዳንዱን ታካሚ ከሕክምና በፊት ማስጠበቅን አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ሁሉም በአርኤንኤ ይፈተሹ፤ ያልዳኑት ዝርያቸው በማጣቀሻ ላቦራቶሪ ይለይ፣ የተሻለ መድኃኒትም ይሰጣቸው። እንዲህ ከሆነ የዝርያ ዕውቀት ፖሊሲን ያገለግላል፣ ታካሚውንም አያጉላላም።

ይህ ሕልም አይደለም። ዝርያ አራት በስፋት በተሠራጨባት ግብፅ በ2018 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ዘመቻ በወራት ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመርምሯል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለአገሪቱ በዚህ ጥረቷ ዕውቅና ሰጥቷል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ አገራችን የገቡት የጂን ኤክስፐርት መሣሪያዎችም ተገቢው ካርትሪጅ ከቀረበላቸው የሄፓታይተስ ሲን አርኤንኤ ይለካሉ። እንግዲህ የኦሮሚያ ጤና ቢሮና የከተሞቹ ሆስፒታሎች ውስኑን ገንዘብ ለካርትሪጅና ለመድኃኒት ያውሉት። የኤኤስቲ፣ የኤኤልቲና የፕላትሌት ውጤትም ከተሰላው ፊብ-4 ጋር በአንድ ወረቀት ለሐኪሙ ይድረስ። አንባቢም ፈጣኑ ምርመራ ፀረ እንግዳ አካሉን ካሳየ፣ ሕመም ባይሰማውም፣ የአርኤንኤ ምርመራ ይጠይቅ።