ጨው ከመነስነሱ በፊት የወፏን ድርሻ

«የልጅ ልጆቼ ለወፏ ዳቦ ቆሎ ያጎርሷታል። ተዉ እንዳልላቸው ከፍቅር ነው፤ ዝም እንዳልል ለእሷ እፈራላታለሁ። ምን ይሻለኛል?» ሲሉ አንዲት አያት ጠይቀውኛል። ባጂ፣ ላቭ በርድ ወይም በቀቀን ያላችሁ ሁሉ ጥያቄው የእናንተም ነውና መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

በጉርሻ ያደገ ልጅ የወደደውን ሁሉ ቢያጎርስ አይገርምም። ስለዚህ «አትስጧት» ከማለት «ይህን ስጧት» ማለቱን እመርጣለሁ። ልጁ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ባጂ የምትመዝነው ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ነው። ለእሱ አንዲት ፍሬ ዳቦ ቆሎ ለእሷ ሙሉ ምግብ ናት፤ ዘይቱም ጨውም በዚያው ልክ ነው። የእሱን ኪሎ ከእሷ ግራም ጋር አስተያዩለት፣ ቶሎ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው አቮካዶን ነው። ጭማቂውን ልጆቻችን በየቀኑ ይጠጣሉ፣ በማንኪያ ጫፍ ለወፏ ማቅመስም ያምራቸዋል። አቮካዶ ውስጥ ያለው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር የወፍን ልብ ይጎዳል፤ ትንንሾቹ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ከአፏ ይራቁ። አፕል ከሰጣችኋት ፍሬው ውስጥ ያለውን ዘር አውጡ። ወፍ ሕመሟን ስለምትደብቅ፣ ላባዋን ነፍታ አኩርፋ ስታገኟት ብዙ ጊዜ አልፏል።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ለዕለቱ የሚሆን ትንሽ ስኳር ድንች ቀቅላችሁ ጨፍልቁ፤ ቅቤም ዘይትም አይግባበት። የተፈገፈገ ካሮት፣ በደቃቁ የተከተፈ የሐበሻ ጎመን፣ አንድ እፍኝ ዳጉሳና ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩና ለውሱት። ጎመኑን ያልኩት ከቆስጣ ይልቅ ካልሲየሙ ለወፏ ስለሚደርሳት ነው። ካሮቱና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ደግሞ በደረቅ እህል ብቻ ለምትኖር ወፍ የሚጎድላትን ቫይታሚን ኤ ይሰጧታል። ልጆቹ በሽምብራ መጠን ያድቦልብሉት። ለባጂ በቀን አንዷ ድብልብል ትበቃለች፤ እንዲህ ያለው ነገር በጠቅላላ ከምግቧ አንድ አሥረኛውን አይለፍ። እንቁላል ስላለበት ከሁለት ሰዓት በኋላ የተረፈውን አንሡ፤ ነገ ትበላዋለች ብሎ ማቆየት የለም።

ማድረቅ የምትፈልጉ በሸክላ ወይም በብረት ምጣድ፣ በለዘብተኛ እሳት አድርቁት። የማያስይዘው መጥበሻ ግን አይሁን። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ለሰው ሳይታወቅ ወፍን ሊገድል ይችላል። (ስለ ጭስ ካነሣን፣ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የወፏን ቤት ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት። ሳንባዋ እንደ እኛ አይችልም።)

አያቶች ከማንም በላይ የምታውቁት ደግሞ ማብቀል ነው። ስንዴ ወይም ዳጉሳ አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ውኃውን አጥሉ፤ ጠዋትና ማታ እያለቀለቃችሁ ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ስጧት። ለጠላ ብቅል እንደምታዘጋጁት ብዙ ቀን አትጠብቁ። ሽታው ከተለወጠ ወይም ሻጋታ ካያችሁበት ሳታመነቱ ድፉት።

ፈንዲሻም ይሆናል፤ ያለ ዘይት የፈነዳ ከሆነ፣ ጨውና ስኳር ሳይነሰነስበት የእሷን ሁለት ፍሬ ቀድማችሁ አንሡላት። ልጆችን የሚያስደንቀው ግን ቃሪያ ነው። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል አይሰሙም! እኛን እንባ በእንባ የሚያደርገንን ፍሬ እነሱ ዘሩን ለቅመው ይበሉታል። የተፈጨው በርበሬያችን ግን ጨውና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት አይሰጥም፤ እርጥቡ ቃሪያ ብቻ።

ስለ ኑግም ልንገራችሁ። የእኛው ኑግ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ በየጓሮው ለሚመጡ የዱር ወፎች ይሸጣል፤ አብሮት ያለ የአረም ዘር እዚያ እንዳይበቅልም በሙቀት ታክሞ ነው የሚገባው። እዚህ ከገበያ ይገኛል። ዘይቱ ብዙ ነውና በቤት ውስጥ ተቀምጣ ለማትበር ወፍ በሳምንት አንድ ቁንጥር ይበቃታል። የሱፍ አበባ ፍሬም እንዲሁ ነው። በማር ተጣብቆ በሱቅ የሚሸጠውን የእህል ዱላ እኔ ገዝቼ አላውቅም፤ ስኳር ለመስጠት ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

የመጀመሪያ ቀን ወፏ ድብልብሏን ገፍታ ብትጥላት አትዘኑ። ወፍ አዲስ ምግብ ትጠራጠራለች፤ አንዳንዷ ሳምንትና ሁለት ሳምንት ትወስዳለች። እስኪያ ድረስ የለመደችውን እህል አትከልክሏት፣ አዲሱን በአጠገቡ አስቀምጡ። የምታምነው ሰው ሲበላ ካየች ቶሎ ትደፍራለች፤ ስለዚህ ልጁ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ካሮቱን ይገምጥላት። በቤቴ ምሳ ላይ ካሮት የማይነካው ልጅ፣ ለወፏ ሲል ግማሹን ጨርሷል።